የመሥሪያ ቤት ኳስ ቡድን በጅማ፦ ዐርብ ማታ የሚሸነፍ ጨዋታ

የመሥሪያ ቤት ቡድን የሚፈርሰው በሽንፈት አይደለም። 5 ለ 0 ተሸንፎ በሳምንቱ 16 ሰው ይዞ የሚመጣ ቡድን አለ፤ 3 ለ 1 አሸንፎ በሳምንቱ ስምንት ሰው ይዞ ዳር ላይ ስልክ የሚደውልም አለ። ቅዳሜ የሚሆነው ነገር አብዛኛው ዐርብ ማታ ያልቃል። ማን እንደሚመጣ በስም ከታወቀ ቡድን አለ፤ «እንገናኛለን» ተባብሎ ከታለፈ የለም። ከዚህ በታች ያለው ጅማ ላይ በመሥሪያ ቤት ቡድን ስንጫወትም ስናስተባብርም የያዝነው ነው። ስለ አሰላለፍ ብዙ አይገኝበትም፤ አሰላለፍ የሚያስጨንቀው 11 ሰው የሞላለትን ነው።

በእግር ኳስ ሕግ አንድ ቡድን 7 ተጫዋች ከሌለው ጨዋታው አይጀመርም፣ ከተጀመረም አይቀጥልም። ስለዚህ ሦስት ቁጥሮች በአእምሮ ይያዙ፦ 22 ስም መዝገብ ላይ፣ 14 ሰው ዐርብ ማታ የተረጋገጠ፣ 7 ደግሞ ከዚያ በታች የማይወረድበት። 22 የበዛ ይመስላል፤ ግን አንዱ ፊልድ ይወጣል፣ አንዱ ለቅሶ ይደርሳል፣ አንዱ ሚዜ ይሆናል፣ አንዱ ልጁ ያተኩሰዋል፣ አንዱ ደግሞ ምንም ሳይሆን እንዲሁ ይቀራል። የመጨረሻው ዓይነት በየቡድኑ አለ፤ እሱን ለመቀየር ጉልበት ከማባከን ይልቅ ያለ እሱ መቁጠር ይቀላል።

አቆጣጠሩ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ረቡዕ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ ሁለት ምርጫ ብቻ ያለው ድምፅ መስጫ ይለቀቅ፦ እመጣለሁ፣ አልመጣም። «እሞክራለሁ» የሚል ሦስተኛ ምርጫ ከተጨመረ ሁሉም እዚያ ውስጥ ይደበቃል። «ኢንሻአላህ»ም «እግዜር ካለ»ም የሁላችንም አነጋገር ነው፤ ከኋላው አዎ ወይም አይ ይከተለው እንጂ ችግር የለበትም። ዐርብ 10 ሰዓት ላይ ድምፁ ይዘጋል፤ ያልመለሱት ማታ ይደወልላቸዋል። የሚደውለው አምበሉ ባይሆን ጥሩ ነው፤ አምበሉ ሜዳ ላይ የሚጮህ ሰው ስለሆነ ስልኩ አይነሳም። የሁሉንም ስም የሚያውቅ የመዝገብ ቤት ወይም የስምሪት ሰው ከሁሉ የተሻለ ደዋይ ነው። ዐርብ ማታ የተረጋገጠው ሰው ከ9 በታች ከሆነ ያኔውኑ ለተጋጣሚ ተደውሎ በ7 በ7 እንዲሆን ወይም ወደ ሌላ ቀን እንዲዛወር ይጠየቅ። ጠዋት ሜዳ ላይ ከተሰረዘ የሚቀጥለውን ግጥሚያ የሚሰጣችሁ ቡድን አይኖርም።

ዓመቱን ሳታዩ ውድድር አትቁረጡ። የጅማ ዝናብ ረጅም ነው፤ ሜዳ በደንብ ደርቆ የሚገኘው ከኅዳር እስከ የካቲት ነው። መከራው ሜዳው ሲደርቅ ሰዉ መጥፋቱ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ስለሆነ በመጋዘን፣ በጭነት፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ያለ ሠራተኛ ቅዳሜም እሑድም የለም። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ የስድስት ወር ሪፖርት ላይ ይቀመጣል። ሰኔ ደግሞ የበጀት ዓመቱ የሚዘጋበት ስለሆነ ሂሳብ ክፍልና ንብረት ክፍል ከሰኔ 15 እስከ ሐምሌ አጋማሽ እንደሌሉ ይቆጠሩ። ይህን ሁሉ ስንቀንስ ለውድድር የሚተርፈው ጥርና የካቲት ነው። ጥር የሠርግ ወር መሆኑን ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ስለዚህ በጥር ቅዳሜን ትቶ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ 4 ሰዓት ላይ መጫወት የተሻለ ሰው ያመጣል።

ረመዳን በፀሐይ አቆጣጠር በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድሞ ስለሚገባ ከዓመት ዓመት ቦታው ይለወጣል፤ ባለፈው ዓመት የሠራው መርሐ ግብር ዘንድሮ ላይሠራ ይችላል። በጾሙ ወር ሙሉ ግጥሚያ አትያዙ። ልምምድ የሚወድ ካለ ከአፍጥር በፊት ባለው የመጨረሻ 40 ደቂቃ ቀለል ያለ ይሁን፤ ያለቀ እንደሆነ ወዲያው ውኃ ይገኛል። ጠዋት ላይ ሮጦ እስከ ማታ ሳይጠጡ መዋል ራስ ያዞራል። በሁዳዴ ደግሞ እስከ ቀትር የሚጾሙ ስላሉ የጠዋት ጨዋታ ለእነሱ በባዶ ሆድ መሆኑ አይረሳ።

ስለ ልምምድ ሰዓት ብዙ ቡድን የሚሳሳተው ፀሐይን ባለመቁጠር ነው። የቢሮ ሰው 11፡30 ይወጣል። በኅዳር ጅማ ላይ ፀሐይ 12፡10 ገደማ ትጠልቃለች፤ በየካቲት ግን 12፡40 አካባቢ ነው። ከመርካቶ ወይም ከፈረንጅ አራዳ ባጃጅ ይዞ፣ ሜዳ ደርሶ፣ ልብስ ቀይሮ 11፡50 ይሆናል። ስለዚህ በኅዳር የሥራ ቀን ልምምድ የሚባለው 25 ደቂቃ ነው፤ ለዚያ 14 ሰው ማንቀሳቀስ ዋጋ የለውም። አንድ ባጃጅ 3 ሰው ስለሚይዝ 5 ባጃጅ ለ25 ደቂቃ ማለት ነው! በኅዳርና በታኅሣሥ ልምምዱ ወደ ጠዋት 12፡45 ይዛወር ወይም ይቅር፤ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ ወደ ማታ ይመለስ።

ያለውን ጊዜ በምን እንሙላው? ግጥሚያ በመሰለ ጨዋታ ብቻ የሚሞላው ቡድን መጨረሻው ሐኪም ቤት ነው። ከወንበር ተነስቶ በቀጥታ የሚሮጥ ሰው መጀመሪያ የሚበጠሰው የታፋው የኋላ ጡንቻ ነው። ፊፋ 11 ፕላስ የሚባለው ማሟሟቂያ ለአማተሮች የተዘጋጀ ነው፦ 8 ደቂቃ የሩጫ እንቅስቃሴ፣ 10 ደቂቃ የጉልበትና የሚዛን፣ 2 ደቂቃ ፈጠን ያለ ሩጫ፣ በድምሩ 20 ደቂቃ። ጥቅሙ የሚታየው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሲሠራ ነው። ሰዓት ከሌለ ሁሉም ይቅር፣ አንዱ ግን አይቅር፦ አንዱ ተንበርክኮ ሌላው ቁርጭምጭሚቱን ከኋላ አጥብቆ ይይዝለታል፤ የተንበረከከው ሰውነቱን ከጉልበት እስከ ራስ ቀጥ እንዳደረገ በዝግታ ወደ ፊት ይወርዳል፤ መቋቋም ሲያቅተው በእጁ ይደገፋል። ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ጊዜ ይበቃል። በማግስቱ ታፋ ያማል፤ ደረጃ ሲወጡም ያስቃል። በሁለተኛው ሳምንት ይለቃል።

ወደ ሜዳው እንምጣ፣ የጅማ ቡድን ብዙ መከራ እዚህ ነው ያለው። ዝቅ ብለው፣ ወደ ቦዬ ረግረግና ወደ አወይቱ ወንዝ ዳር የቀረቡ ሜዳዎች ውኃ አይለቁም፤ ወደ ጅሬን ኮረብታ ከፍ የሚሉት ቶሎ ይጠፈፋሉ። ሜዳ ከመከራየት ወይም ከመለመን በፊት በዝናብ ማግስት ሄዶ ማየት ነው። ተረከዝን ጫን አድርጎ ማንሳት፤ ዱካው ውስጥ ውኃ ከቋጠረ ያን ቀን አይጫወቱበትም። ሁለተኛው ፈተና ኳሱን ከ2 ሜትር ከፍታ መልቀቅ ነው፤ እስከ ጉልበት ካልነጠረ ኳስ መሬት ለመሬት አትሄድም፣ ጨዋታው ርግጫ ብቻ ይሆናል። «ጭቃ ምን ያደርጋል፣ እንጫወት» የሚል ጎበዝ ሁልጊዜ አለ። በመስከረም ጭቃ ውስጥ የተረገጠው ጉድጓድ ግን አይጠፋም፤ በኅዳር እንደ ሸክላ ይደርቅና ቁርጭምጭሚት የሚያጣምመው እሱ ነው። በጥር የምታዝኑበትን ጉዳት በመስከረም ነው የምትቆፍሩት።

ጎሉ ፊት ያለውን ኩሬ በሰጋቱራ መሸፈን ለአንድ ቀን ይረዳል። ሰጋቱራው ከጨዋታ በኋላ ተጠርጎ ካልወጣ ግን እርጥበት ይዞ ይቀራል፤ በሳምንቱ ጭቃው ይብሳል። ከተማው የቡና ገለባ ስለሞላበት እሱን ማፍሰስ የሚወዱ አሉ፤ ሲበሰብስ ያንሸራትታል፣ እኛ አንመክርም። የሚያዛልቀው ከጎሉ ኋላ አንድ አካፋ ጥልቀት ያለው ቦይ ቀዶ ውኃውን ወደ ተዳፋቱ መምራት ነው። የግማሽ ቀን ሥራ ነው፣ ሜዳው የሰው ከሆነ ደግሞ አስፈቅዶ።

መስመር ለማስመር አንድ ረጅም ናይለን ገመድ ላይ በ5.5፣ በ9.15፣ በ11 እና በ16.5 ሜትር ላይ ቋጠሮ አድርጉ፤ የግብ ክልሉም፣ የመሐል ክቡም፣ የፍጹም ቅጣት ምቱም፣ የቅጣት ክልሉም ከዚያ ይወጣል። ማዕዘኑ ቀጥ እንዲል በአንዱ ጎን 6 ሜትር፣ በሌላው 8 ሜትር ለክታችሁ በሰያፍ ያለው ልክ 10 ሜትር መሆኑን አረጋግጡ። ሜዳው ራሱ በትንሹ 90 በ45 ሜትር ነው፤ ቦታው ያን ያህል ከሌለ ውድድሩን በ7 በ7 አድርጉት እንጂ 22 ሰው አታጭቁበት። ማስመሪያው ጄሶ ይሁን። ኖራ ርካሽ ነው፤ ግን ከላብና ከውኃ ጋር ሲገናኝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ አደገኛ ነው፤ በረኛው ደግሞ ሥራው እዚያ ላይ መውደቅ ነው።

የግቡ ቋሚ ከባሕር ዛፍ ከሆነ በቋሚዎቹ መካከል 7.32 ሜትር፣ ከመሬት እስከ አግዳሚው 2.44 ሜትር ነው። ለቋሚው ከ3.2 ሜትር ያላነሰ እንጨት ቆርጣችሁ 75 ሳንቲ ሜትሩን ቅበሩ። እርጥቡ እንጨት ለአግዳሚ አይሆንም፤ ሲደርቅ መሐሉ ይጎብጣል። ተነቃቃይ የብረት ግብ የምትጠቀሙ ከሆነ ከኋላ በካስማ ወይም በአሸዋ ኬሻ ይታሰር። ከጨዋታ በኋላ የሰፈር ልጆች ይንጠለጠሉበታል፤ ያልታሰረ ግብ ወድቆ ልጅ ይገድላል።

ኳስ 5 ቁጥር፣ ክብደቷ ከ410 እስከ 450 ግራም ነው። ኳስ የሚገድላት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ደረቅ መርፌ፦ መርፌው በምራቅም ቢሆን ካልራሰ የአየር መግቢያውን ላስቲክ ይቀድዳል፤ ከዚያ በኋላ የምትነፋው ኳስ በየዕረፍቱ ትተነፍሳለች። ሁለተኛው ጎሚስታ ነው። የመኪና ጎማ በለመደ እጅ ሲነፋት ድንጋይ ትሆናለች፣ ስፌቷም ይለቃል። ልኩ በጌጁ ከ8.5 እስከ 15.6 ፒኤስአይ ነው፤ «10 ላይ አቁምልኝ» ብሎ አጠገቡ ቆሞ ማየት ነው። ጭቃ የበላች ኳስ ታጥባ ጥላ ላይ ትደርቅ፤ ከሰል አጠገብ ማድረቅ ቆዳዋን ይሰነጥቃል።

ታኬታ ከሰልባጅ የሚገዛ ሰው አፍንጫውን አጥፎ ይየው፤ ሶሉ አፉን ከከፈተ ዋጋው ምንም ቢወርድ ይተወው። ደህናውንም ቢሆን ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ጫማ ሰፊ ጋ ወስዶ ዙሪያውን ማሰፋት ነው፤ ጭቃው ከሳበው በኋላ የሚሰፋ ሶል አይዝም። ማሊያ ነጭ አትግዙ። ምክንያቱን የሚጠይቅ ሰው በጅማ ጭቃ አልተጫወተም። ከ1 እስከ 18 ቁጥር ያለው፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 8ቱ ሰፋፊ ልክ ይሁን፤ የቢሮ ቡድን ሆድ አለው። ማሊያው ለየሰው ቤት አይሰጥ። ከጨዋታ በኋላ ተቆጥሮ በአንድ ሻንጣ ይገባል፣ ለሚያጥበው ሰው ይከፈላል። በየቤቱ የሄደ ማሊያ በአራተኛው ጨዋታ አምስቱ ጎድሎ፣ አንዱ ደግሞ የጎረቤት ልጅ ለብሶት ይገኛል።

ገንዘብ። የወር መዋጮ በእጅ መሰብሰብ ሰው ያቀያይማል። ከደመወዝ ይቆረጥ ከተባለ ግን ሠራተኛው በጽሑፍ መስማማት አለበት፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደመወዝ የሚቆረጠው ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም ፍርድ ቤት ካላዘዘ በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት መሆኑን ይላል። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ስም፣ መጠን፣ የሚያበቃበት ወር፣ ፊርማ፤ ለደመወዝ ክፍሉ ኮፒ። 22 ሰው 50 ብር ቢያወጣ በወር 1,100 ብር ነው፤ በዚህ ማሊያ አይገዛም፣ ዳኛ፣ ውኃና እጥበት ግን ይሸፍናል። ማሊያና ኳስ ከመሥሪያ ቤቱ ይጠየቅ፤ ጥያቄው በደብዳቤ፣ በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ አዲሱ በጀት ሳይበላ። ሂሳቡ እንደ ዕድር መዝገብ ይያዝ፦ ሁለት ሰው የሚፈርምበት፣ በየወሩ ለሁሉም የሚነበብ። የዳኛ ክፍያ ከጨዋታ በፊት ይከፈል። ከሽንፈት በኋላ ኪስ የሚገባ እጅ አይገኝም።

ከሁሉ የከፋው ጠብ የተውሶ ተጫዋች ነው። በመሥሪያ ቤቶች ውድድር ላይ በሩብ ፍጻሜ ድንገት አንድ ፈጣን ልጅ ይመጣል፤ «አዲስ የተቀጠረ ሾፌር ነው» ይባላል፤ መኪና ሲነዳ ያየው የለም። ጅማ አባ ጅፋር ፕሪምየር ሊጉን በገባበት ዓመት፣ በ2010፣ ዋንጫውን ከወሰደ ወዲህ እያንዳንዱ ቢሮ በመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ ይገባኛል ይላል፤ ተውሶውም ከዚያ ይመጣል። መድኃኒቱ ውድድሩ ሳይጀመር ደንብ መጻፍ ነው። ፎቶ ያለው የሥራ መታወቂያ፣ ከሰው ኃይል ክፍል ማኅተም የተደረገበት ስም ዝርዝር፣ እና ቢያንስ 3 ወር የሠራ የሚል ገደብ። የመጋዘን ወቅታዊ ሠራተኞችና የጥበቃ ኤጀንሲ ሰዎች ይካተታሉ ወይስ አይካተቱም የሚለው በግልጽ ይጻፍ፤ ክርክሩ ሁሉ የሚነሳው ከዚህች ክፍተት ነው። በእኛ እይታ ቢካተቱ ይሻላል፤ ዓመቱን ሙሉ በር የከፈተላችሁን ሰው ሜዳ ላይ «የኛ አይደለህም» ማለት ቡድኑን ባያፈርስም ያከብደዋል።

ሁለተኛው ጠብ ማን ይግባ የሚለው ነው። በአማተር ጨዋታ የአገሪቱ ፌዴሬሽን ከፈቀደ የተቀየረ ሰው ተመልሶ መግባት ይችላል፤ ይህን አስቀድማችሁ ተስማሙ። በ30 በ30 ደቂቃ ጨዋታ በየ15 ደቂቃው ሦስት ሦስት ሰው ብትቀያይሩ የመጣ ሁሉ ይጫወታል፣ የመጣ ሁሉ ከተጫወተ ደግሞ በሳምንቱ ይመጣል። ሥራ አስኪያጁ መጫወት ከፈለገ ደስ ይላል፤ አሰላለፉን ግን እሱ አያውጣ። «ጋሼ፣ አሁን እረፉ» የምትለውን ቃል የሚናገር ሰው ቀድሞ ይመረጥ፤ ቢቻል በሥራ ከእሱ በታች ያልሆነ። በዳኛ ላይ የሚጮህን ተጫዋች ለቢጫ ካርድ በሚያበቃ ጥፋት ለጊዜው ዳር ማቆም የሚል ደንብ ለአማተሮች ተፈቅዷል፤ ጊዜው ከጨዋታው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፣ በ60 ደቂቃ ጨዋታ ከ6 እስከ 9 ደቂቃ መሆኑ ነው። ውኃ ጠጥቶ ይመለሳል፤ ሰኞ ቢሮ ላይ ሰላምታም አይቋረጥም።

በረኛ የሚሆን ሰው አይገኝም። ከመዋጮ ነጻ አድርጉት፣ ጓንት ግዙለት፣ ተተኪውንም ከመጀመሪያው ለዩ። ግብ የገባበትን በረኛ ሜዳ ላይ የሰደበ ሰው በሚቀጥለው ጨዋታ ራሱ ግብ ላይ ይቁም የሚል ያልተጻፈ ደንብ ብዙ አፍ ይዘጋል።

ጉዳት ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ፋሻ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጓንት፣ ሳሙናና ውኃ ይኑር። በረዶ ከጭማቂ ቤት ወይም ከሆቴል በፌስታል ይለመናል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ በቀጥታ ቆዳ ላይ አይሆንም። የሚያቃጥል ቅባት በአዲስ እብጠት ላይ አይቀባ። ቁርጭምጭሚቱ የዞረ ሰው እያነከሰም ቢሆን አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ፣ ወይም ከቁርጭምጭሚት አጥንቶች በአንዱ የኋላ ጠርዝ ላይ ሲነካ በጣም ካመመው ራጅ ይነሳ። ወጌሻ ከራጅ በፊት አይጎትተው፤ የተሰነጠቀ አጥንት ተጎትቶ ይለያል። ጭንቅላቱን ተመትቶ ለአፍታም የሳተ፣ ያስመለሰው ወይም «ስንት ለስንት ነን?» ሲባል የተምታታበት ሰው ወደ ጨዋታው አይመለስም፤ በዚያው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይሂድ፣ ብቻውን ግን አይላክ። ከ40 በላይ ሆኖ ሲሮጥ ደረቱን የሚጨንቀውን ሰው «ትንፋሽ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ጨዋታው እንዳለቀ ወደየቤት አትበተኑ። 20 ደቂቃ ቡና ላይ መቀመጥ ለቡድኑ ከአንድ ልምምድ ይበልጣል። ሾፌሩ ሥራ አስኪያጁን «ኳስ አልሰጠኸኝም» የሚልበት ቦታ ሌላ የለም፤ ሰው ዓመቱን ሙሉ መዋጮ የሚከፍለውም በአብዛኛው ለዚህ ነው። ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ ደዋዩ መዝገቡን ያውጣና የሚቀጥለውን ሳምንት ስም እዚያው ይጻፍ፤ ማሊያውም እዚያው ይቆጠር። አንድ ከጎደለ ገና ሰዉ አልተነሳም።